አሮጌ ኦቶማቲክ መርሰዲስ ወደ ማንዋል ሲቀየር የሚሠሩ ስህተቶች

ደብረ ብርሃን ላይ አሮጌ መኪና ያለው ሰው ስለ ጣርማበር ቁልቁለት ሳያስብ አይውልም። መንገዱ የጣርማበር ዋሻ ጋ ከባሕር ወለል ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። ሸዋ ሮቢት ሲደርስ ወደ 1,300 ሜትር ገደማ ይወርዳል። ጭጋግ አለ፣ ጥምዝምዝ አለ፣ ከኋላ የሚከተል የጭነት መኪና አለ።

የኔ መኪና መርሰዲስ 240 ዲ ናት። ይህ ሞዴል እ.ኤ.አ. ከ1976 እስከ 1985 ከተሠሩት ጠንካራዎቹ ቤተሰብ ነው። ሞተሯ ጤነኛ ነበር። ኦቶማቲክ ካምቢዮዋ (የማርሽ ሳጥኗ) ግን አርጅቶ ቁልቁለት ላይ አይይዝልኝም ነበር። ደብረ ሲና ቆሎ ልገዛ ስቆም የተቃጠለ የፍሬን ሸራ ሽታ ይቀድመኛል። አንድ አብሮኝ የተጓዘ አዛውንት ሹፌር “ልጄ፣ ይህን ቁልቁለት የሚያወርድህ ማርሽ ነው እንጂ ፍሬን አይደለም” አሉኝ። በዚያው ሳምንት ማንዋል ላደርጋት ወሰንኩ።

በሳምንት ያልቃል የተባለው ሥራ ሁለት ወር ፈጀ። ካምቢዮው ራሱ ብዙም አላስቸገረም። ያስቸገሩኝ በዙሪያው ያሉት ትንንሽ ነገሮች ናቸው። እናንተ እንዳትደግሟቸው አንድ በአንድ ልንገራችሁ።

ካምቢዮ ብቻውን መግዛት

አዲስ አበባ ካለው የመለዋወጫ ገበያ፣ ከሱማሌ ተራ “ካምቢዮ ተገኝቷል” ተብሎ ሲደወልላችሁ ቶሎ ብር አትላኩ። መጀመሪያ “ከየትኛው መኪና የወጣ ነው? ሌላውስ እቃ አለ?” በሉ። ከካምቢዮው ጋር ቮላኖ (ሞተሩ ጫፍ ላይ የሚታሰረው ከባድ ክብ ብረት)፣ ሙሉ ፍሪሲዮን (ሞተሩን ከካምቢዮው የሚያገናኘውና የሚያላቅቀው)፣ የፍሪሲዮን ፔዳል፣ የላይኛውና የታችኛው ፖምፔታ (የፍሪሲዮኑን ዘይት የሚገፉት)፣ የማርሽ ዘንጎች፣ ካምቢዮውን ከሥር የሚሸከመው ብረትና ካርዳን (ጉልበቱን ወደ ኋላ ጎማ የሚያደርሰው ዘንግ) ያስፈልጋሉ። ሁሉም ከአንድ ማንዋል መኪና ቢወጡ በጣም ጥሩ ነው። እኔ ከየቦታው ለቃቀምኩ። የኦቶማቲኩ ካርዳን ርዝመቱ አልገጠመም። አንድ ጋራዥ ቆርጦ በየደው፤ ሚዛኑን ግን አላስተካከለም። መኪናዋ 80 ላይ ስትደርስ ወለሉ በሙሉ ይንቀጠቀጥ ነበር። የተቆረጠ ካርዳን ሚዛኑ ካልተለካ መሐል ያለውን ኩሽኔታና የመጋጠሚያ ጎማዎቹን ቶሎ ይበላል።

ሻጩ “ሞተሩንም አብረህ ውሰድ፣ ይረክስልሃል” ካላችሁ ደግሞ ሊብሬያችሁን አስታውሱ። የሞተር ቁጥሩ እዚያ ላይ ተጽፏል።

ቮላኖን እንደ ተራ ብረት ማየት

ይህን በደንብ ያዙልኝ። ኦቶማቲክ መኪና ላይ ሞተሩ ጫፍ የሚታሰረው ቀጭን ሳህን ነው። ማንዋሉ ግን ከባድ ቮላኖ ይፈልጋል፤ ፍሪሲዮኑ የሚይዘው እሱን ነው። በዚህ የመርሰዲስ ሞተር ላይ ሳህኑና ክራንክ ሻፍቱ (የሞተሩ ዋና ዘንግ) አብረው ነው ሚዛናቸው የተስተካከለው። ስለዚህ ከሌላ ሞተር የወጣ ቮላኖ ዝም ብሎ አይታሰርም። የድሮውን ሳህንና ቮላኖውን ሁለቱንም ይዛችሁ ሚዛን ወደሚሠራ ቶርኖ ቤት ሂዱ። የቮላኖው ሚዛን ከሳህኑ ሚዛን ጋር እንዲገጥም ይስተካከላል። ይህን የዘለለ ሰው ሞተሩ ሲንቀጠቀጥ ምክንያቱን ሞተሩ ውስጥ ሲፈልግ ይከርማል።

ቡሎኖቹም አዲስ ይሁኑ። ሲጠብቁ የሚሳቡ ዓይነት ናቸው። አንዴ የተሳበ ቡሎን ሁለተኛ አይታመንም።

አንድ ትንሽ ነገር ደግሞ አለች። ክራንክ ሻፍቱ ጫፍ መሐል ላይ ትንሽ ኩሽኔታ ትገባለች። የካምቢዮውን ዘንግ አፍንጫ የምትይዘው እሷ ናት። ኦቶማቲክ መኪና ስለማያስፈልገው ብዙ ጊዜ ቦታው ባዶ ነው። ከረሳችኋት ዘንጉ ይዋልላል፣ ማርሽ አልገባ ይላል። እሷን ለማስገባት ደግሞ ካምቢዮው እንደገና መውረድ አለበት።

ካምቢዮውን በቡሎን እየሳቡ ማስገባት

ካምቢዮው በእጅ እየተመራ ገብቶ ግጥም ማለት አለበት። ካልገባ የፍሪሲዮኑ ሸራ መሐል ላይ አልቆመም ማለት ነው። በቡሎን ከሳባችሁት ወይም ክብደቱ ሸራው ላይ ከተንጠለጠለ ሸራው ይጣመማል። ክሪክና ትዕግሥት በቂ ናቸው።

የቫኪዩም ቱቦውን ክፍት መተው

ብዙ መካኒኮች የማያስቡት ይህን ነው። ኦቶማቲክ ካምቢዮው ከሞተሩ ቫኪዩም (አየር መሳቢያ) ፓምፕ የምትመጣ ቀጭን ቱቦ አለችው። ካምቢዮው ሲወጣ ቱቦዋ ሥራ ትፈታለች። ክፍት ከቀረች ግን የሚጎዳው ሌላ ነው። በዚህ ናፍጣ ሞተር ላይ ቁልፉን ስታጠፉ ሞተሩን የሚያቆመው ቫኪዩም ነው። ፍሬኑን ለእግር የሚያቀለውም ያው ቫኪዩም ነው።

የኔ መኪና ሥራው ያለቀ ቀን ቁልፉን አወጣሁ፤ ሞተሩ ግን መሥራቱን ቀጠለ። መካኒኩ “ፓምፑ ነው የተበላሸው” ብሎ አዲስ እንድገዛ ሊያደርገኝ ነበር። ሌላ መካኒክ ከሥር ገብቶ ቱቦዋን በጣቱ ደፈነ። ሞተሩ ወዲያው ጸጥ አለ። ከዚያ በፊት ግን በዚያ ደካማ ፍሬን ከተማ ውስጥ ሦስት ቀን ነድቼአለሁ። አሁንም ሳስበው ያመኛል። እባካችሁ ካምቢዮው ከመውረዱ በፊት ቱቦዎቹን በሙሉ ፎቶ አንሱ። የማያስፈልገውን በደንብ ድፈኑ። ወደ ራዲያተር የሚሄዱትን የካምቢዮ ዘይት ቱቦዎችም እንዲሁ።

የሞተሪኖውን ሽቦ በቀጥታ ማገናኘት

ኦቶማቲክ መኪና ማርሹ ፒ ወይም ኤን ላይ ካልሆነ አይነሳም። ይህን የሚቆጣጠረው ማብሪያ ሲወጣ ሞተሪኖው (ሞተሩን የሚያስነሳው) ዝም ይላል። ብዙዎች ሁለቱን ሽቦ ያገናኙና “አለቀ” ይላሉ። እንዲህ ከሆነ መኪናው ማርሽ ውስጥ እያለ ቁልፍ ሲዞር ይዘላል። ፊት ለፊት ልጅ ቆሞ ቢሆንስ? የፍሪሲዮን ፔዳሉ ላይ ማብሪያ ይግጠምለትና ፔዳሉ ሲረገጥ ብቻ ይነሳ። የኋላ ማርሽ መብራቱንም አትርሱ።

ወፍራም ዘይት መሙላት

የደብረ ብርሃን ብርድ እዚህ ጋ ይመጣል። የዚህ መርሰዲስ ማንዋል ካምቢዮ የሚጠጣው የኦቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት ነው። ለሰው እንግዳ ነው፤ ፋብሪካው ያዘዘው ግን ይህን ነው። “ማንዋል ነው” ተብሎ ወፍራም የዲፈረንሻል ዘይት ከተሞላ በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ጠዋት ሁለተኛ ማርሽ አልገባም ይላል። ያኔ ሰው ጥሩውን ካምቢዮ ሊጥል ይነሳል። የሌላ መኪና ካምቢዮ ከሆነ ደግሞ የራሱን መመሪያ ተከተሉ።

የፍሪሲዮኑ አየር አልወጣ ካለም አትደናገጡ። ከላይ ፔዳል እየረገጡ ማውጣት ያስቸግራል። ከፊት ጎማ ፍሬን ማስተንፈሻ ወደ ታችኛው ፖምፔታ ቱቦ አገናኙ። የፍሬን ፔዳሉን ቀስ ብላችሁ ስትረግጡ ዘይቱ ከሥር ወደ ላይ አየሩን ይገፋዋል።

ሙከራውን ቁልቁለት ላይ መጀመር

ሥራው ባለቀ ማግስት ወደ ጣርማበር አትሩጡ። መጀመሪያ ሜዳውን፣ ወደ ጫጫ በኩል ያለውን መንገድ ያዙ። ደርሳችሁ ስትመለሱ ከሥር ግቡ። የሚያንጠባጥብ ነገር ካለ እዩ፣ የላላ ቡሎን አጥብቁ። ፍሬኑንና የእጅ ፍሬኑን ፈትሹ።

ዳገቱ ላይ መኪናዋ ከበደች ብላችሁም ካምቢዮውን አትውቀሱ። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ አንድ አሥረኛ ገደማ ያጣል። 240 ዲ ዝቅ ያለ ቦታም ቢሆን ጉልበቷ 70 ፈረስ አካባቢ ነው። እዚህ ከፍታ ላይ ከዚያ ጉልበት ከሩብ በላይ የሚሆነው ይጠፋል።

ለቁልቁለቱ ማርሹን አስቀድማችሁ ያዙ። ፍጥነት ከጨመረ በኋላ ዝቅ ያለ ማርሽ መፈለግ አደጋ ነው። ዜሮ አድርጎ መውረድማ ጭራሽ አይታሰብም። እኔ ዋሻውን እንደወጣሁ ሁለተኛ አስገባለሁ፤ ፍሬን የምነካው ጥምዝ ላይ ብቻ ነው። ደብረ ሲና ለቆሎው ስቆም የፊት ቸርኬዎቹን በእጄ እነካለሁ። ለብ ብለው ነው የማገኛቸው።