የሃይሉክስ ጎማ ቡሎን ጥርሱ ሲበላ የትኛው ዳይ?

ሁለት ቀን በልቶብኛል። የሁለት ጎማ ቡሎኖች ጥርስ ተጨፍልቆ ዳዶው ሁለት ዙር ሄዶ ይነክሳል። ቡሎኑ 12 ሚሊ ነው። ከሳጥኔ የ12 ዳይ (የቡሎን ጥርስ ማውጫ መሣሪያ) አንስቼ ገባሁበት። አልሄደም። ዘይት ጨመርኩ፣ ያው ነው። ጭራሽ ደህናውን ጥርስ መላጨት ጀመረ! በድሬ ፀሐይ ቆሞ ከብረት ጋር መታገል ራሱ ቅጣት ነው።

ከዚራ ካለ ጋራዥ የጥርስ መለኪያ ተውሼ ሳስገባው ነገሩ ገባኝ። የእኔ ዳይ 12 በ1.75 ነው፤ የቶዮታው ጥርስ 12 በ1.5። ውፍረቱ አንድ፣ የጥርሶቹ ርቀት ሌላ። ዳዩ ላይ ተጽፏል፤ አላየሁትም።

12 በ1.5 ዳይ ገዛሁ። ቀጥ አድርጌ አስገባሁት፤ ግማሽ ዙር ወደ ፊት፣ ሩብ ወደ ኋላ፣ ከዘይት ጋር። ዳዶው በእጅ እስከ ስሩ ገባ። የላጨሁትን ቡሎን ግን በአዲስ ቀየርኩት፤ ጎማ ለእሱ አይታመንም።