በፌስታል የተጀመረ ክርክር፦ ስለ ዓለም ጉዳይ ከእንግሊዝኛ ተማሪዎች ጋር እንዴት ይወራል?

ሐዋሳ ውስጥ ቅዳሜ ቅዳሜ እንግሊዝኛ ለመለማመድ የምንገናኝ አሥር አሥራ ሁለት ሰዎች ነን። ከኢንዱስትሪ ፓርኩ የሚመጡ ልጆች አሉ፣ ባጃጅ ነጂዎች አሉ፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች አሉ፣ ጡረታ የወጡ አንድ አባትም አሉ። የማወያየው እኔ ነኝ። መጀመሪያ ሰሞን ስለ አየር ንብረት ለውጥ አራት ገጽ ጽሑፍ ኮፒ አድርጌ አደልኩ። አንብበው ጨረሱ። "እሺ፣ ምን ታስባላችሁ?" አልኩ። ጸጥ። ቆየት ብሎ አንዱ፣ "ቲቸር፣ እኔ በአማርኛም ቢሆን ስለዚህ ምን እንደምል አላውቅም" አለኝ።

እውነቱን ነው። እንግሊዝኛው ቀርቶ ወሬውም አልነበረውም። ከዚያ ወዲህ የማደርገው እንዲህ ነው።

1. እጃችሁ ላይ ካለ ነገር ጀምሩ

ለሐዋሳ ሰው ቡና፣ ልብስ ስፌት፣ ነዳጅና ዓሣ ይበቃዋል። የሲዳማ ገበሬ የሚሸጠው ቡና ዋጋ ኒውዮርክ ገበያ ላይ ይወጣል ይወርዳል። ኢትዮጵያ በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ መኪና እንዳይገባ መከልከሏን ካነሳችሁ ባጃጅ ነጂዎቹን የሚያስቆማቸው የለም። እንደ ፌስታል የሠራልኝ ርዕስ ግን አላገኘሁም።

ሐይቁ ዳር ያለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል ሄዶ ዓሣ የገዛ ያውቀዋል። ቆሮሶውን በፌስታል አንጠልጥሎ ይወጣል። አባ ኮዳ ደግሞ ከጎን እንደ ዘበኛ ቆሞ ይጠብቃል። አንድ ቀን አንዱ አባ ኮዳ የዓሣ አንጀት የቀረበትን ፌስታል በመንቁሩ ይዞ ሲታገል አየሁ። አንጀቱ አልወጣም፣ ወፉም አልለቀቀም። በመጨረሻ ከነፌስታሉ ዋጠው። ቅዳሜ በስልኬ ያነሳሁትን ፎቶ አሳየኋቸው። ምንም ሳልጠይቅ ወሬው ተጀመረ።

2. ከአስተያየት በፊት ቃል ስጡ

አምስት ስድስት ቃል በቂ ነው። ባን፣ ዌስት፣ ስዋሎው፣ ሪዩዝ፣ ፋይን። "ፌስታል" የሚለው ለውጭ ሰው ምንም እንዳይደለ፣ "ፕላስቲክ ባግ" መባል እንዳለበት ንገሯቸው። "ፋይን" ላይ ትንሽ ቆዩ። ሁላችንም "አይ አም ፋይን" እያልን ነው ያደግነው። ቃሉ ቅጣትም ማለት እንደሆነ ስነግራቸው አንዱ ባጃጅ ነጂ፣ "ለካ ትራፊኩ ደህንነቴን ሲጠይቀኝ ነው የኖረው!" አለ። ከዚያ በኋላ ያንን ቃል የረሳ የለም።

3. ዜናውን መጀመሪያ በአማርኛ አንብቡት

ቢቢሲ አማርኛ ላይ የወጣን ጉዳይ ብዙ ጊዜ በእንግሊዝኛውም ታገኙታላችሁ። ታሪኩን ያወቀ ሰው እንግሊዝኛው ላይ ሲደርስ የሚቀረው ቃል መልቀም ብቻ ነው። ይህን እንደ ማጭበርበር የሚያዩ መምህራን አሉ። እኔ አላይም።

ፌስታል ላይ ይዤ የገባሁት ሦስት መስመር ነው። ሩዋንዳ እ.ኤ.አ. በ2008 ከለከለች። ኬንያ እ.ኤ.አ. በ2017 ከለከለች፤ ሲያመርት የተገኘ እስከ 4 ዓመት ሊታሰር ይችላል። የእኛ ፓርላማ በ2017 ዓ.ም. የሚከለክል አዋጅ አጸደቀ። እዚህ ጋ ተጠንቀቁ። አንዷ ልጅ "ኬንያ ኤንድ ኢትዮጵያ፣ ሴም ይር!" ብላ ደመደመች። በሁለቱ 2017 መካከል ስምንት ዓመት ገደማ አለ። እሱን ማስተካከል ራሱ አሥር ደቂቃ እንግሊዝኛ አስወራን።

4. በላ ልበልሃ

ዋናው ይሄ ነው። "አንተስ ምን ትላለህ?" ተብሎ የተጠየቀ ሰው ይሉኝታ ይይዘዋል። ታላቅ ተቀምጦ ማን ይቀድማል? ስለዚህ ሐሳቡን የእሱ አታድርጉት፣ ወገን ስጡት። ድሮ ከሳሽና ተከሳሽ "በላ ልበልሃ" እየተባባሉ ይሟገቱ አልነበር? እኛም ፌስታልን ከሰስነው። ሦስት ሰው ሐይቁን ወክሎ ከሳሽ፣ ሦስት ሰው የፌስታል ጠበቃ፣ ጡረተኛው አባት ዳኛ፣ የቀረው ምስክር። ለዝግጅት 10 ደቂቃ፣ ለንግግር ለእያንዳንዱ 1 ደቂቃ።

የፌስታል ጠበቃ ሆና የተነሳችው ከወር በላይ አፏን ያልከፈተች ልጅ ናት። "ማይ ማዘር ሴልስ ቶሜቶ። ኒው ባግ ኢዝ ኤክስፔንሲቭ። ሁ ዊል ፔይ?" አለች። እናቴ ቲማቲም ትሸጣለች፣ አዲሱ ከረጢት ውድ ነው፣ ማን ሊከፍል ነው? ማለቷ ነው። ከሳሾቹ እርስ በርስ ተያዩ። ዳኛው "ጉድ ኩዌስችን፣ ማይ ዶተር" ብለው ለከሳሾች ተጨማሪ ደቂቃ ፈቀዱ።

በሳምንቱ ወገኑን ገልብጡት። የከሰሰው ይከላከል። "አይ ሲ ዩር ፖይንት፣ በት…" እና "ካን ዩ ጊቭ አን ኤግዛምፕል?" የመሳሰሉ መነሻዎችን ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ጠረጴዛው ላይ አኑሩላቸው። ሲጨንቃቸው አይናቸውን ጣል ያደርጉበታል።

5. እያረማችሁ አታቋርጡ

ስሕተቱን መዝግቡና መጨረሻ ላይ ሁለት ሦስቱን ብቻ፣ የማን እንደሆነ ሳትናገሩ አንሱ። የኛ ሰው የሚደጋግማቸው አሉ። "አይ አም አግሪ" አንዱ ነው፤ "አይ አግሪ" ይበቃል። "ዊ ዲስከስድ አባውት ፕላስቲክ" ሌላው ነው። አማርኛው "ስለ ፕላስቲክ ተወያየን" ስለሚል "ስለ" ተከትላ ትገባለች። እንግሊዝኛው አይፈልጋትም። በ"ኦልዞ" ጀምረው መሃል ላይ "በት" የሚጨምሩትም "ምንም እንኳ… ግን" ከሚለው ልማዳችን ነው። አንዷ ትውጣ።

6. ቁስል ያለበትን ጉዳይ ቀድማችሁ ጠይቁ

ሐዋሳ ላይ አጎዋ (የአፍሪካ አገሮች ልብስና ሌላ ዕቃ ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ የሚያስገቡበት የአሜሪካ ሕግ) ጥሩ ርዕስ ይመስላል። ኢንዱስትሪ ፓርኩ የተመረቀው እ.ኤ.አ. በ2016 ነው፤ ኢትዮጵያ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 1፣ 2022 ጀምሮ ከአጎዋ ወጥታለች። ለክርክር የተመቸ ነው ብዬ ሳላማክር ይዤው ገባሁ። ለካ አንዷ ልጅ ከሥራ ከተቀነሱት ናት። መሃል ላይ ተነስታ ወጣች። ማታ ደውዬ ይቅርታ ጠየቅኳት። አሁን ርዕሱን ሐሙስ ቴሌግራም ግሩፓችን ላይ እለጥፋለሁ። የማይመቸው ለብቻዬ ይጽፍልኛል፣ ምክንያቱን አልጠይቅም፣ ርዕሱ ይቀየራል። ጦርነት ነክ ከሆነ ደግሞ ጭራሽ ወገን አላከፋፍልም።

ሰዓቱን በቡናው ነው የምለካው። አቦል ላይ ቃላትና ዜና፣ ቶና ላይ ሙግት፣ በረካ ላይ እርማት። በረካ ላይ ሁሉም ወደ አማርኛ ይመለሳል፣ አልከለክልም። ባለፈው ቅዳሜ ግን ሒሳብ ከፍዬ ስወጣ ከሳሹና የፌስታል ጠበቃዋ በር ላይ ቆመው በእንግሊዝኛ ይጨቃጨቁ ነበር። ባጃጅ ቆሞላቸዋል። ባለባጃጁ "ትገባላችሁ ወይስ ልሂድ?" ይላል።