በመጋቢትና በሚያዝያ ፀሐይ ጎንደር ላይ ስትሮጡ እነዚህን ስህተቶች ተዉ

ከየካቲት መጨረሻ እስከ ክረምቱ መግቢያ ያለው የጎንደር ፀሐይ ቀልድ አያውቅም። መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ከሰዓት በኋላ ሙቀቱ 30 ዲግሪ ገደማ ይደርሳል። ብዙው ሯጭ ግን በኅዳር ብርድ የለመደውን ሩጫ በዚያው ፍጥነት፣ በዚያው ሰዓት፣ በዚያው ልብስ ለመድገም ይሞክራል። ሙቀትን እንደ ዳገት ቁጠሩት። ዳገት ላይ ፍጥነት መቀነስ ማንንም አያሳፍርም፤ ሙቀት ላይም እንደዚያው ነው።

«እኔ ደገኛ ነኝ፣ ሙቀት ምን ያደርገኛል?»

ከሁሉም የሚያሳስበኝ ይሄ ነው። ከ2,000 ሜትር በላይ ማደጋችን ለሩጫ ትልቅ ሀብት ነው፤ ግን የሚጠቅመን ለአየር እጥረት ነው። ሙቀት ሌላ ጉዳይ ነው። ስትሮጡ ጡንቻችሁ ደም ይፈልጋል፤ ሙቀት ሲጨመር ደግሞ ቆዳችሁም ለመቀዝቀዝ ደም ይፈልጋል። ልብ ሁለቱንም ለማዳረስ ትሯሯጣለች። ሰዓታችሁ ላይ ያው ፍጥነት ተጽፎ ትንፋሻችሁ ግን የውድድር ቀን ትንፋሽ የሚሆነው ለዚህ ነው።

የዶሃን የዓለም ሻምፒዮና አስታውሱ። መስከረም 16 ቀን 2012 ዓ.ም.፣ በደመራው ዕለት፣ የሴቶቹ ማራቶን ሙቀቱን ለመሸሽ እኩለ ሌሊት ላይ ተጀመረ። ያም ሆኖ ሙቀቱ ከ30 ዲግሪ በላይ ነበር፣ ወበቁ ደግሞ አይጣል ነው። 68 ሯጮች ተነስተው የጨረሱት 40 ብቻ ናቸው። ሦስቱም የኛ ልጆች አቋርጠው ወጡ። እነዚህ በዓለም አንደኛ ደረጃ የሚጠሩ ሯጮች ናቸው። ያሸነፈችው ኬንያዊቷ ሩት ቼፕንጌቲች ራሷ የገባችው በ2፡32፡43 ነው፤ ከስምንት ወር በፊት ዱባይ ላይ ግን 2፡17፡08 ሮጣ ነበር። የ15 ደቂቃ ልዩነት! በሳምንቱ የወንዶቹ ማራቶን ሲደርስ አየሩ ትንሽ ቀለል ብሎ ነበርና ሌሊሳ ዴሲሳ አንደኛ፣ ሞስነት ገረመው ሁለተኛ ሆነው አኮሩን።

ደግነቱ ሰውነት ሙቀትን ይለምዳል። ከ10 እስከ 14 ቀን ይበቃዋል። በዚህ ጊዜ በደም ውስጥ ያለው ፈሳሽ ይጨምራል፣ ላብ ቶሎ መውጣት ይጀምራል፣ ከላቡ ጋር የሚወጣው ጨውም ይቀንሳል። መተማ ወይም ሁመራ ላይ ውድድር ያለው ሰው በዋዜማው በአውቶቡስ ወርዶ ጠዋት መስመር ላይ ቢቆም ራሱን እየጎዳ ነው። ቀደም ብሎ መውረድ ካልተቻለ ከውድድሩ በፊት ባሉት ሁለት ሳምንታት ቀላል ቀላሉን ልምምድ ሞቅ ባለ ሰዓት ማድረግ ይረዳል። ቀላሉን ብቻ። ከባዱን የፍጥነት ልምምድና ረጅሙን ሩጫ ለንጋት ተዉት።

ረፍዶ መውጣት፣ በተለይ በአዘዞ መንገድ

ከፒያሳ ወደ አዘዞ ስትወርዱ መንገዱ ይዟችሁ ይሄዳል። አየሩ ገና ቀዝቃዛ ነው፣ እግር ቀሏል፣ ሰዓቱም ደስ ይላል። ችግሩ መመለሻው ላይ ነው። ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ከወጣችሁ ዳገቱን የምትጀምሩት ፀሐይ ከበረታ በኋላ ነው፤ ውሃ አልቋል፣ አስፋልቱ መጋል ጀምሯል፣ ቁልቁለቱን በጉጉት ስለበላችሁት ጭናችሁም ደክሟል። ብዙ ሰው «ዛሬ ምን ነካኝ?» የሚለው እዚህች ጋ ነው። ምንም አልነካውም፤ ከባዱን ክፍል ለከባዱ ሰዓት ስላስቀመጠው ነው።

ሰማዩ ወገግ ሲል፣ 12 ሰዓት ገደማ፣ ውጡ። ረጅም ሩጫ ከሆነ ደግሞ ዳገቱን አስቀድሙና ቁልቁለቱ ለመመለሻ ይቅርላችሁ፣ ወይም ከአዘዞ በሚኒባስ ተመለሱ። አያሳፍርም። ማታ የምትሮጡ ደግሞ ፀሐይ ስለጠለቀች ብቻ ቀዝቅዟል አትበሉ፤ አስፋልቱና ኮብልስቶኑ ቀኑን ሙሉ ያጠራቀሙትን ሙቀት ሲተፉ ያመሻሉ።

ቱታ ደርቦ «ላብ ማውጣት»

ይሄን በየጠዋቱ እናያለን። ቱታ ላይ ጃኬት፣ ከውስጥ ሆድ ላይ የተጠቀለለ ፌስታል፣ ከላይ ኮፍያው ጥርቅም ተደርጎ። ቦርጭ ይጠፋል ተብሎ ነው። አይጠፋም። ሚዛን ላይ የሚቀንሰው ኪሎ ውሃ ነው፣ ሁለት ጠርሙስ ስትጠጡ ይመለሳል። ስብ በላብ አይወጣም።

ላብ የሚያቀዘቅዘን ከቆዳ ላይ ሲተን እንጂ ሲንጠባጠብ አይደለም። ፌስታሉ መትነኛውን ዘጋው ማለት ነው፤ ሰውነት «አልቀዘቀዝኩም» ብሎ ሌላ ላብ ያወጣል፣ ውስጣችሁ ግን እየጋለ ይሄዳል። በዚህ ምክንያት የሞቱ ስፖርተኞች አሉ። ኪሎ ለማውረድ ሲሉ ላስቲክ ለብሰው ሲሠሩ በ1990 ዓ.ም. አሜሪካ ውስጥ ሦስት የኮሌጅ ትግል ተወዳዳሪዎች በአንድ ወር ገደማ ጊዜ ውስጥ ሞተዋል። እባካችሁ ታናናሾቻችሁን ንገሯቸው።

ሰፋ ያለ፣ ስስ፣ ነጣ ያለ ልብስ ይበቃል። ጥጥ ካናቴራ ላብ ይጠጣና ቆዳ ላይ ይለጠፋል፣ ይከብዳል። የኳስ ማልያ ጨርቅ ይሻላል፤ ሰልባጅ ተራ ፈልጋችሁ በርካሽ ታገኙታላችሁ።

ውሃ ጨርሶ መተው፣ ወይም ከሚበቃው በላይ መጋት

ሁለቱም ስህተት ነው። በሙቀት የሚሮጥ ሰው በሰዓት ከግማሽ ሊትር እስከ ሁለት ሊትር ሊያልበው ይችላል፣ እንደየሰውነቱ። ስለዚህ ጓደኛችሁ የሚጠጣውን ያህል እየለካችሁ አትጠጡ። ከሩጫ በፊትና በኋላ ተመዘኑ፤ አንድ ኪሎ ከቀነሳችሁ አንድ ሊትር ገደማ አጥታችኋል ማለት ነው። ኪሎ ጨምራችሁ ከተመለሳችሁ ግን ከልክ በላይ ጠጥታችኋል።

ከልክ በላይ መጠጣት ምን ያመጣል የሚል ካለ፦ በደም ውስጥ ያለው ጨው ይቀጥንና ራስ ምታት፣ ማስመለስ፣ መደናገር፣ ሲብስም ሞት ያስከትላል። በ1994 ዓ.ም. የቦስተን ማራቶን ደማቸው ከተመረመረ 488 ሯጮች 13 በመቶው ላይ የጨው መጠኑ ከሚገባው በታች ሆኖ ተገኝቷል። ጥማችሁን ስሙ፣ ከአንድ ሰዓት በላይ ስትሮጡ ጨውና ስኳር አስቡ። የታሸገ የስፖርት መጠጥ መግዛት ግዴታ አይደለም። በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ስድስት የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ከፈለጋችሁ ሎሚ ጠብ አድርጉበት፣ በሃይላንድ ይዛችሁ ውጡ። ጨው ላይ እጃችሁ እንዳይበዛ ለክታችሁ ጨምሩ። ስትመለሱ በሶ በጥብጣችሁ ጠጡ፤ ከዚህ የተሻለ ነገር የለንም።

ጾሙንና ሩጫውን አለማስታረቅ

ዓብይ ጾም ሁልጊዜ ከሙቀቱ ጋር ይገጥማል። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ የማይቀምስ ሰው ጠዋት 12 ሰዓት ላይ 15 ኪሎ ሜትር ሮጦ ከዚያ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ድረስ ሳይጠጣ ይውላል፣ ያውም ሥራ ላይ፣ ያውም በፀሐይ። ጾሙን ተዉ የሚል ምክር ከእኔ አትጠብቁ። ሩጫውን ግን አንቀሳቅሱት። አመሻሽ 11 ሰዓት ላይ፣ ከጾም ከወጣችሁና ውሃው ከሰከነ በኋላ፣ ሩጡ። ረጅሙን ሩጫ ውሃ በጠዋት ለሚቀመስበት ለቅዳሜ ወይም ከቅዳሴ በኋላ ለእሑድ አመሻሽ አድርጉት። በረመዳን የምትጾሙም ከኢፍጣር በኋላ ያለው ሰዓት ይሻላችኋል። ያ ወቅት ጉልበት የሚጠበቅበት እንጂ አዲስ ሰዓት የሚመዘገብበት አይደለም።

ጥቃቅን የሚመስሉት

እግር በሙቀት ያብጣል። ጫማ ከሰዓት በኋላ ግዙ፣ ከእግር አውራ ጣታችሁ ፊት የእጅ አውራ ጣት ስፋት ያህል ክፍተት ይኑር፤ አለዚያ ጥፍራችሁ ይጠቁራል። ሰልባጅ ጫማ ስትገዙ ከላይ ማማሩን ሳይሆን ሶሉን በጣታችሁ ተጫኑት፤ ደርቆ ድንጋይ ከሆነ ተዉት። ብብትና ጭን ላይ ቫዝሊን ቀቡ። ኮፍያ አድርጉ፣ ግን አናቱ አየር የሚያስገባውን። ከፍታ በጨመረ ቁጥር የፀሐዩ ጨረር ስለሚበረታ አየሩ ቀዝቀዝ ባለበት ቀንም ፊት ይቃጠላል።

ህመም ማስታገሻ ውጣችሁ አትሩጡ። አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ ውሃ ካነሰው ሰውነት ጋር ሲገናኙ ኩላሊት ይጎዳሉ።

የወደቀውን ሰው ከቦ መቆም

ሯጭ ሲወላገድ፣ የማይገናኝ ነገር ሲያወራ፣ ወይም ሲወድቅ ሕዝቡ ይከበዋል፣ አንዱ ክብሪት አፍንጫው ላይ ይይዛል፣ ሌላው አፉ ውስጥ ውሃ ይጨምራል። ራሱን ለሳተ ሰው ውሃ በአፉ መስጠት ሳንባው ውስጥ እንዲገባ ማድረግ ነው። የውስጥ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ አልፎ ሊሆን ይችላል፣ ደቂቃዋ ዋጋ አላት። ላብ ስላለው ብቻ «ደህና ነው» አትበሉ፤ ሲሮጥ የወደቀ ሰው እያላበውም ሊሞት ይችላል።

ጥላ ውስጥ አስገቡት፣ ልብሱን አውልቁ፣ ገንዳ ወይም ሰፊ በርሜል ካለ ጭንቅላቱን ደግፋችሁ እስከ አንገቱ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ አስገቡት። ከሌለ በባልዲ ደጋግማችሁ አፍስሱበት፣ ነጠላ ነክራችሁ አልብሱት፣ አራግቡለት፣ ነጠላው ሲሞቅ እንደገና ንከሩት። አምቡላንስ ይጠራ፣ ማቀዝቀዙ ግን እስኪመጣ አይጠብቅ፤ መኪና ውስጥም ይቀጥል። ከሆስፒታል ከወጣ በኋላ ደግሞ ቢያንስ ለሰባት ቀን አይሩጥ፣ ሲጀምርም በሐኪም ፈቃድና በብርዱ ሰዓት ይሁን።