ለኦሲዲ (የማይለቅ ሐሳብና ደጋግሞ የማድረግ ሕመም) ተጨማሪ መድኃኒት ሲታዘዝላችሁ

እጅ መታጠቡ፣ በር መቆለፉን ደጋግሞ ማየቱ፣ ያ የማይለቅ ሐሳብ አልቀንስ ካለ፣ መጀመሪያ የያዛችሁት መድኃኒት በደንብ መሞከሩን አረጋግጡ። ፍሉኦክሰቲን ወይም ሰርትራሊን በበቂ መጠን ከ8 እስከ 12 ሳምንት ሳይቋረጥ መወሰድ አለበት። ጠበል ስትገቡም አታቋርጡት፣ እባካችሁ።

ያም ካልበቃ ሐኪሙ ሪስፐሪዶን ወይም አሪፒፕራዞል የሚባሉትን፣ ብዙ ጊዜ ለከባድ የአእምሮ ሕመም የሚሰጡ መድኃኒቶች፣ በትንሽ መጠን ሊጨምር ይችላል። «አብጄ ነው እንዴ?» ብላችሁ አትደንግጡ፤ ለኦሲዲም ይሰጣል። ግን የሚረዳው ከሦስት ሰው አንዱን ያህል ነው፤ ስለዚህ በስሜት ሳይሆን በመለካት ነው መፈተን ያለበት። ከመጀመራችሁ በፊት ሐሳቡና ድግግሞሹ በቀን ስንት ሰዓት እንደሚበላባችሁ ደብተር ላይ ጻፉ፣ በየሳምንቱም እንደዚያው። ሐኪሞች ከ0 እስከ 40 የሚሄድ መለኪያ አላቸው፤ ነጥቡ ቢያንስ በ35 በመቶ ከወረደ ሠርቷል ይባላል።

ክብደትና የደም ስኳር ይለካ። ቁጭ ማለት የሚከለክል መቁነጥነጥ ከመጣ ቶሎ ተናገሩ።

ከ4 እስከ 6 ሳምንት ለውጥ ከሌለ፣ ይቁም ወይ ብላችሁ ሐኪሙን ጠይቁ፤ በራሳችሁ ግን አታቁሙ። ከሞጣ ወይም ከቡሬ ባሕር ዳር የምትመላለሱ ከሆነ ቀጠሮውን ከወዲሁ በዚህ ጊዜ ልክ አስይዙ፣ መድኃኒቱም መሀል ላይ እንዳያልቅ አስቡበት።