በሰፈራችሁ የመጠጥ ፈቃድ ሲጠየቅ ተቃውሞን የሚያስጥሉ ስህተቶች (ለእንግሊዝና ለዌልስ ነዋሪዎች)

በእንግሊዝና በዌልስ ሱቅ፣ ምግብ ቤት ወይም ባር አልኮል ለመሸጥ ሲያመለክት ማንም ሰው ለካውንስሉ በጽሑፍ መቃወም ይችላል። ክፍያ የለውም፣ ጠበቃም ግዴታ አይደለም። በ2003 የወጣው የፈቃድ ሕግ ግን ሌላም ነገር ይላል፦ ሕጉ የሚቀበለው ተቃውሞ ካልቀረበ ካውንስሉ ፈቃዱን መስጠት አለበት። ስለዚህ በአጻጻፉ የወደቀ ደብዳቤ ካልተጻፈ አይለይም።

ቀኑን ማሳለፍ

የተቃውሞው ጊዜ 28 ተከታታይ ቀን ነው፤ ቅዳሜና እሑድም ይቆጠራሉ። የሚቆጠረው ማመልከቻው ለካውንስሉ ከገባበት ማግስት ጀምሮ እንጂ እናንተ በቤቱ ላይ የተለጠፈውን ሰማያዊ ማስታወቂያ ካያችሁበት ቀን አይደለም። የመጨረሻው ቀን ማስታወቂያው ላይ ተጽፏልና ፎቶ አንሡት። ዘግይቶ የደረሰ ደብዳቤ፣ የቱንም ያህል እውነት ቢይዝ፣ አይታይም።

ከአራቱ ምክንያቶች መውጣት

ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ነው። ካውንስሉ የሚመዝነው አራት ነገር ብቻ ነው፦ ወንጀልንና ሁከትን መከላከል፣ የሕዝብ ደኅንነት፣ የሕዝብን ሰላም የሚነሣ ረብሻን መከላከል፣ ሕፃናትን ከጉዳት መጠበቅ። «የቤታችን ዋጋ ይወርዳል»፣ «የእኔን ሱቅ ገበያ ይወስዳል»፣ «ባር በዝቷል፣ ሌላ አያስፈልገንም» የሚሉት ከአራቱ ውጪ ናቸው። የመጨረሻው አንድ መውጫ አለው፦ ካውንስሉ በመንገዳችሁ የመጠጥ ቤቶች ብዛት ስላስከተለው ጫና ያወጣው ፖሊሲ ካለ፣ ስሙን ጠርታችሁ ጥቀሱት።

«በቤተ ክርስቲያን ወይም በመስጊድ ደጃፍ መጠጥ መሸጥ ነውር ነው» የሚለውም ከእኛ ሰው ብዙ ጊዜ ይመጣል። ስሜቱ ቀላል አይደለም፤ ጉዳዩን የሚሰማው የካውንስሉ ኮሚቴ ግን በነውር መወሰን አይችልም። እሑድ ጠዋት ልጆች ለትምህርት የሚሰበሰቡበት በር ላይ ሰው ቆሞ የሚጠጣ ከሆነ ግን ጉዳዩ የሕፃናት ጥበቃ ሆነ። ሰዓቱን፣ በሩን፣ የልጆቹን ቁጥር ጻፉ።

በጥቅሉ መናገር

«ጩኸት ይበዛል» ማለት ለኮሚቴው ምንም አይነግረውም። «መኝታ ቤታችን ከጓሮው መቀመጫ 6 ሜትር ይርቃል፤ ማመልከቻው ጓሮውን እስከ 23:30 ይጠይቃል፤ ልጆቻችን 20:00 ላይ ይተኛሉ» ብትሉ ግን አመልካቹ መልስ መስጠት ይገደዳል። ቤቱ ከዚህ በፊትም ሲሠራ የቆየ ከሆነ ማስታወሻ ያዙ፦ ቀን፣ ሰዓት፣ ምን እንደተሰማ፣ ከየት እንደመጣ፣ ምን ያህል እንደቆየ። በየጊዜው ለካውንስሉ የጩኸት ክፍል ወይም ለፖሊስ አመልክታችሁ የመዝገብ ቁጥሩን አስቀምጡ። ፖሊስ ዝም ባለበት ጉዳይ ላይ «ወንጀል አለ» ማለት ያለ መዝገብ ቁጥር ይከብዳል።

ሰዓት ስትጽፉ ተጠንቀቁ። እኛ ከሌሊቱ 8 ሰዓት የምንለው በማመልከቻው ላይ 02:00 ነው። በዚህ የተሳሳተ ደብዳቤ ያልተጠየቀን ሰዓት ይቃወማል።

«ይከልከል» ብቻ ብሎ መዝጋት

ኮሚቴው ሙሉ በሙሉ ከመከልከል ይልቅ በቅድመ ሁኔታ መፍቀድን ብዙ ጊዜ ይመርጣል። ስለዚህ መከልከሉን ጠይቃችሁ፣ «ከተፈቀደ ግን» በሚል የሚከተሉትን ዓይነት ዝርዝሮች ጨምሩ፦

- ጓሮው 21:00 ላይ ይዘጋ፤
- ከ23:00 በኋላ ሰው ሲገባና ሲወጣ ካልሆነ በርና መስኮት አይከፈት፤
- ከ22:00 እስከ 08:00 ባዶ ጠርሙስ ወደ ውጭ መጣያ አይጣል፤
- ዓርብና ቅዳሜ ማታ የበር ጥበቃ ይኑር፤
- የካሜራ ቅጂ ለ31 ቀን ይቀመጥ፤
- ሱቅ ከሆነ ነጠላ ጣሳና ከ6.5 በመቶ በላይ አልኮል ያለው ቢራ አይሸጥ፤
- ከ25 ዓመት በታች የሚመስል ሰው መታወቂያ ይጠየቅ።

ይህን ሲያይ የአመልካቹ ጠበቃ ሊደውልላችሁና ሊስማማ ይችላል። መልካም ነው፤ ነገር ግን ስምምነቱ በጽሑፍ ለካውንስሉ ደርሶ ሳታዩ ተቃውሟችሁን አትሰርዙ።

ስም መደበቅና የጅምላ ፊርማ

ስምና አድራሻ የሌለው ደብዳቤ አይሠራም፤ ቅጂውም ለአመልካቹ ይደርሳል። በቀልን በእውነት የምትፈሩ ከሆነ ከመላካችሁ በፊት የፈቃድ ክፍሉን አነጋግሩ፤ በልዩ ሁኔታ ዝርዝሩ ሊሸፈን ይችላል። ፊርማ ማሰባሰብ እናውቅበታለን፤ ግን አንድ ዓይነት ቃል ላይ የተፈረመ 40 ስም፣ አምስት ቤተሰቦች ከየመስኮታቸው የሚሰሙትን በራሳቸው ቃል የጻፉትን ያህል አይመዝንም።

ለስብሰባው ሳይዘጋጁ መሄድ

ተቃውሞ ካለ ጉዳዩን አብዛኛውን ጊዜ ሦስት የምክር ቤት አባላት ይሰማሉ። የጥሪው ደብዳቤ ሲደርሳችሁ እንደምትመጡና ሌላ ሰው እንዲናገርላችሁ እንደምትፈልጉ ቢያንስ ከ5 የሥራ ቀናት በፊት መልሱ። አስተርጓሚ ካስፈለጋችሁም ያኔውኑ ንገሯቸው። የመናገሪያ ጊዜው ለሁሉም እኩል ሲሆን ደቂቃዎች ብቻ ሊሆን ይችላል። ፎቶና ማስታወሻ አስቀድማችሁ ላኩ፤ በዕለቱ የሚወጣ አዲስ ወረቀት ተቀባይነት የሚያገኘው አመልካቹን ጨምሮ ሁሉም ከተስማሙ ብቻ ነው።

የማስታወቂያውን ዓይነት አለመለየት

ነጭ ማስታወቂያ ከሆነ ጉዳዩ በነባር ፈቃድ ላይ የሚደረግ አነስተኛ ለውጥ ነው፦ ያላችሁ 10 የሥራ ቀን ብቻ ነው፣ ስብሰባም የለውም። ለአንድ ዝግጅት ብቻ የሚወጣውን ጊዜያዊ ማስታወቂያ ደግሞ መቃወም የሚችሉት ፖሊስና የካውንስሉ የአካባቢ ጤና ክፍል ናቸው፤ ስጋታችሁን ለእነሱ ንገሩ።

ሲፈቀድ ተስፋ መቁረጥ

በ21 ቀን ውስጥ ወደ ማጅስትሬት ፍርድ ቤት ይግባኝ ማለት ይቻላል፤ የተሸነፈ ግን የሌላውን ወጪ እንዲከፍል ሊታዘዝ ስለሚችል አስቀድማችሁ የሕግ ምክር ጠይቁ። ያለ ክፍያ የተከፈተው ሌላው መንገድ ፈቃዱ እንደገና እንዲታይ መጠየቅ ነው። ቤቱ ሥራ ከጀመረ በኋላ ረብሻው ከደረሰ ማንም ሰው በማንኛውም ጊዜ ሊጠይቅ ይችላል፤ መሠረቱ ግን እነዚያው አራቱ ምክንያቶች ናቸው። ኮሚቴውም ሰዓት መቀነስ፣ ቅድመ ሁኔታ መጨመር፣ ፈቃዱን እስከ 3 ወር ማገድ ወይም ጨርሶ መሰረዝ ይችላል። ስለዚህ ማስታወሻውን ቤቱ ከተከፈተበት ከመጀመሪያው ምሽት ጀምራችሁ ያዙ።