ሃይድሮጅን ፍሎራይድን እንደ ውሃ እያዩ የሚሠሩ ስህተቶች

ኬሚስትሪን የተማርነው በውሃ ነው። ጣጣው የሚጀምረው አሟሚው፣ ማለትም ሌላው ነገር የሚሟሟበት ፈሳሽ፣ ሃይድሮጅን ፍሎራይድ (በአጭሩ ኤችኤፍ) ሆኖ ሳለ ያንኑ ልማድ ይዘን ስንገባ ነው።

«ኤችኤፍ ደካማ አሲድ ነው» የሚለውን አስቀድመን እንጣለው። ውሃ ውስጥ አዎ፣ ደካማ ነው። ውሃ የሌለበት ንጹሕ ኤችኤፍ ግን ከሰልፈሪክ አሲድ ጋር የሚፎካከር ኃይለኛ አሲድ ነው። 19.5 ዲግሪ ሴልሺየስ ላይ ይፈላል። በፕላስቲክ ጠርሙስ የሚሸጠው ሃይድሮፍሎሪክ አሲድ ደግሞ በውሃ የተበረዘ ነው፤ የአንዱን ቁጥር ለሌላው አትስጡ።

ሁለተኛው፣ «ኤችኤፍ ይህን ያህል ፖላር (የሞለኪዩሉ አንድ ጎን ፖዘቲቭ፣ ሌላው ነጌቲቭ) ከሆነማ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል» ማለት። ንጹሑ በጣም ጥቂት አዮን (የኤሌክትሪክ ሙል ያለው ቅንጣት) ብቻ ስላለው እዚህ ግባ የሚባል ነገር አያስተላልፍም። ፈረንሳዊው ኬሚስት አንሪ ሟሳን በ1886 ፓሪስ ውስጥ ኤችኤፍን በኤሌክትሪክ ከፋፍሎ ፍሎሪንን ለይቶ ያወጣው ፖታሲየም ፍሎራይድ ጨምሮበት ነው፤ ያለዚያ ኤሌክትሪኩ አላልፍ ብሎ ነበር።

ብዙ ሰው የሚሸወደው ግን እዚህ ላይ ነው፦ «ጠብታ ውሃ ምን ያመጣል?» ብዙ ያመጣል። ውሃ እዚህ ቤዝ (ፕሮቶን ተቀባይ) ነው፤ ከኤችኤፍ ፕሮቶን፣ ማለትም የሃይድሮጅን አዮን፣ ይወስድና ሃይድሮኒየምና ባይፍሎራይድ የሚባሉ አዮኖች ይፈጠራሉ፣ ኤሌክትሪክ ማስተላለፉም ወዲያው ይጨምራል። ለዚህ ነው የማስተላለፍ ልኬት የንጽሕና መለኪያ ጭምር የሚሆነው። በመስታወት ዕቃ የለካማ ጉድ ነው፤ ኤችኤፉ መስታወቱን ሲበላ ሲሊኮን ቴትራፍሎራይድና ውሃ ይወጣል፣ እናንተም የለካችሁት የሟሟውን ጨው ሳይሆን የዕቃችሁን መበላት ነው። ቴፍሎን ወይም ፕላቲነም ተጠቀሙ።

አሲድ ሁሉ አሲድ ሆኖ የሚቀር የሚመስላቸውም አሉ። አሴቲክ አሲድ፣ ናይትሪክ አሲድ እንኳን ሳይቀር፣ ኤችኤፍ ውስጥ ፕሮቶን ተቀባይ ናቸው፤ ማለትም ቤዝ! አሲድ ከፈለጋችሁ አንቲሞኒ ፔንታፍሎራይድ አለላችሁ።

የመሟሟት ሠንጠረዥንም ከውሃ አትቅዱ። ሶዲየም ፍሎራይድ በ100 ግራም ውሃ 4 ግራም ገደማ ነው የሚሟሟው፤ በ100 ግራም ኤችኤፍ 30 ግራም ይደርሳል። ፍሎራይዱን ኤችኤፍ ይዞ ባይፍሎራይድ ስለሚያደርገው ነው። አሉሚኒየም ፍሎራይድ ግን እምቢ ይላል፤ ሶዲየም ፍሎራይድ ሲጨመርበት ነው የሚሟሟው። ፖታሲየም ክሎራይድ ጨምራችሁ አረፋ ካያችሁ ደግሞ «ሟሟ» ብላችሁ አትለፉ። ክሎራይዱ ሃይድሮጅን ክሎራይድ ጋዝ ሆኖ እየበረረ ነው። የቀረው የፖታሲየም ፍሎራይድ ሙሙት ነው።

በደንብ መሟሟትና ኤሌክትሪክ ማስተላለፍም አንድ አይደሉም። ዜኖን ዳይፍሎራይድ እንደ ጉድ ይሟሟል፣ ግን ወደ አዮን አይለወጥም ማለት ይቻላል። ዘመዱ ዜኖን ሄክሳፍሎራይድ ግን አዮን ይፈጥራል፣ ያስተላልፋልም።

የመጨረሻው ስህተት ከሁሉም የከፋ ነው፦ «አላመመኝም፣ አልነካኝም»። በውሃ የቀጠነው ኤችኤፍ ቆዳን ካቃጠለ ሕመሙ ከሰዓታት በኋላ ሊመጣ ይችላል። ወዲያው በብዙ ውሃ ታጥቦ፣ ካልሲየም ግሉኮኔት ጄል ተቀብቶ፣ ሳይውል ሳያድር ወደ ሐኪም ነው። ካልሲየሙ ፍሎራይዱን ይዞ ካልሲየም ፍሎራይድ ያደርገዋል፣ እሱም ውሃ ውስጥ አይሟሟም ለማለት ይቻላል። ሰውነታችን ውሃ ስለሆነ እዚህ ላይ የድሮው ሠንጠረዥ ይሠራል።