የእህት ልጅን የዕድሜ ልክ ደጋፊ የማድረግ ዘዴ

ብዙ ሰው ልጁን የስፖርት ደጋፊ ማድረግ ሲያምረው ሮጦ ማልያ ይገዛል። ልጁ ይለብሳል፣ ፎቶ ይነሳል፣ ዘመድ ሁሉ ይስቃል። በዓመቱ ማልያው ይጠበዋል። ልጁም የቡድኑን አሰልጣኝ ስም ሳያውቅ ወደ ሌላ ነገር ይሄዳል።

እኔ አክስት ነኝ፣ የአርሰናል ደጋፊ። የእህቴ ልጆች ዛሬ ውጤት ሳያዩ አይተኙም። “ምን አድርገሽ ነው?” የሚሉኝ ወላጆች ስለበዙ ነው ይህን የምጽፈው።

መጀመሪያ የዕድሜውን ነገር እንጨርሰው። ሴት ስቲቨንስ-ዴቪዶዊትዝ የሚባል አሜሪካዊ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2014 የፌስቡክ “ላይክ” መረጃ ይዞ የቤዝቦል ደጋፊዎችን ዕድሜ አጥንቶ ነበር። የኒውዮርኩን ሜትስ ቡድን ከሚወዱ ወንዶች መካከል በ1961 እና በ1978 የተወለዱት በዝተው ተገኙ። ሜትስ ዋንጫ ያነሳው በ1969 እና በ1986 ነው። ቀንሱት፤ 8 ዓመት ይመጣል። ጥናቱ ስለ ወንዶችና ስለ ቤዝቦል ነው፣ ሕግ አታድርጉት። ግን በዚህ ዕድሜ አካባቢ የገባ ነገር ቶሎ እንደማይወጣ እኔም በዓይኔ አይቻለሁ። ችግሩ ቡድናችሁ በዛ ዓመት ዋንጫ እንዲያነሳ ማዘዝ አትችሉም። ቢቻልማ አርሰናል በ2004 ከ38 ጨዋታ 26 አሸንፎ፣ 12 አቻ ወጥቶ፣ አንድም ሳይሸነፍ ሊጉን ከወሰደ በኋላ ያን ሁሉ ዓመት ባላንከራተተን ነበር።

ስለዚህ በእጃችን ያለውን እንሥራ።

90 ደቂቃ ሙሉ አታስቀምጡት። የመጨረሻዎቹ 20 ደቂቃዎች ይበቃሉ፤ ያኔ ተጫዋች ደክሟል፣ ክፍተት በዝቷል፣ የሰዉ ድምፅ ራሱ ይነግረዋል። ከዚያ አንድ ተጫዋች ይምረጥ። ሥራው እሱን ብቻ ማየት ነው፤ ኳሱ የትም ይሂድ። ኮከቡን እንዳይመርጥ አግባቡት፣ እሱን ካሜራው ራሱ ይከተለዋል። የእህቴ ልጅ በረኛ መረጠች። ትንሽ ቆይታ “አክስቴ፣ ይሄ ሰውዬ ዝም አይልም እኮ!” አለችኝ። እውነትም በረኛው ሲጮህ፣ በእጁ ሲጠቁም፣ ተከላካዮቹን ሲያስተካክል ነበር። ስንት ዓመት ኳስ ሳይ ልብ ያላልኩትን ነገር እሷ አየችው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስለ በረኛ የምትከራከረው እሷ ናት። የራሱ አስተያየት ያለው ልጅ ደግሞ ቴሌቪዥን አጥፉ ቢባል እሺ አይልም።

ኦፍሳይድ ላይ ብዙ ልጅ ይጠፋል። ጎል ገባ ብሎ ሲዘል ጎሉ ይሻራል። “ለምን?” ሲል ትልልቆቹ “ኦፍሳይድ ነዋ!” ይሉትና ወሬያቸውን ይቀጥላሉ። እንደዛ አይደረግም። ጠረጴዛ ላይ ቆርኪ ደርድሩ፦ አራት ለተከላካይ፣ ከኋላቸው አንድ ለበረኛ፣ በሌላ ቀለም ሁለት ለአጥቂ። የሸሚዝ ቁልፍ ኳስ ይሆናል። አንዱ አጥቂ ኳስ ይዟል፤ ሌላውን ልጁ በራሱ ጣት ያንቀሳቅስ። ኳሷን ልታቀብሉ ስትነኩ “ቁም!” በሉ። ነገሩ የሚታየው በዛች ቅጽበት ነው። ኳስ የሚጠብቀው አጥቂ በተጋጣሚው የሜዳ ግማሽ ሆኖ፣ ኳሷንም ከመጨረሻው ሁለተኛ የሆነውን ተጋጣሚም አልፎ ከተገኘ ኦፍሳይድ ቦታ ላይ ነው። ብዙ ጊዜ የመጨረሻው በረኛው ስለሆነ፣ የምታዩት የኋለኛውን ተከላካይ ነው። እኩል ከሆነ ሰላም ነው። የእህቴ ልጅ ትንሽ አሰበችና ቆርኪዋን ወደ ኋላ ሳበች። ቁልፏ ከተመታች በኋላ ቆርኪዋን በተከላካዮቹ መሃል ሽው አደረገቻት።

“እንዲህስ?”

“እንዲህ ከሆነ ጎል ነው።”

አሁን አጥቂ ሲሮጥ ዓይኗ መጀመሪያ የሚሄደው አቀባዩ እግር ላይ ነው።

ኳስ ብቻ ግን አይሁን። ለኔ ልጅን ለመያዝ ከ10,000 ሜትር ሩጫ የሚበልጥ የለም፤ ሰው ረጅም ነው ብሎ ይፈራዋል እንጂ። በ400 ሜትር መም 25 ዙር ነው። ወረቀትና እርሳስ ስጡት፤ በየዙሩ ማን እንደሚመራ ይጻፍ። የመጨረሻው ዙር ደወል ሲደወል ከኮሜንታተሩ እኩል ያውቃል። ከዚያ የ2000ውን የሲድኒ ኦሊምፒክ የመጨረሻ ዙር አሳዩት። ኬንያዊው ፖል ቴርጋት ቀድሞ ተፈተለከ፣ ኃይሌ ገብረሥላሴ ተከተለ፣ መስመሩ ላይ በ0.09 ሰከንድ ቀደመው። 27:18.20 ለ27:18.29። በዛው ኦሊምፒክ በወንዶች 100 ሜትር አንደኛና ሁለተኛው እንኳ የተለያዩት በ0.12 ነው። እዚህ ላይ አታቁሙ። ወደ ኋላ ሂዱና የ1996ውን አትላንታ አሳዩት፦ ያኔም ኃይሌ ወርቅ፣ ቴርጋት ብር። ልጁ ሲድኒን ድጋሚ ክፈቱልኝ ይላችኋል። ቴርጋት ያን ያህል ቀድሞ ለምን እንደተነሳ ገብቶታላ። የእህቴ ታናሹ ልጅ ይህን ካየ ወዲህ የቴርጋት ወገን ሆኖ ቀርቷል። ምን ይደረጋል!

ሽንፈት ላይ ጠንቀቅ በሉ። ልጁ ሲያለቅስ “ጨዋታ እኮ ነው” አትበሉት። እናንተ ራሳችሁ አታምኑበትም። አጠገቡ ተቀመጡና የራሳችሁን ቁስል ንገሩት። የኔ የ2006ቱ የቻምፒየንስ ሊግ ፍጻሜ ነው፣ ፓሪስ ላይ። በረኛችን ሌማን በ18ኛው ደቂቃ በቀይ ወጣ። በ10 ሰው ሆነን ሶል ካምቤል በጭንቅላቱ አገባ። ጥቂት ነበር የቀረን። ከዚያ በ76ኛው ኤቶ፣ በ80ኛው ቤሌቲ፤ ባርሴሎና 2 ለ1። ይህን ሳወራ ልጅቷ እንባዋን ጠረግ አድርጋ “አንቺስ ምን አደረግሽ?” አለችኝ። ክረምቱን ሙሉ አኩርፌ፣ ሊጉ ሲጀመር ተመልሼ ቁጭ አልኩ። እሷም ለሳምንት አኩርፋ ተመለሰች።

ውርርድ የሚባል ነገር ልጅ ባለበት አይነሳ። አንዴ ውጤቱን በገንዘብ ማየት ከጀመረ ጨዋታውን ማየት ያቆማል። ዳኛ መሳደብም እንደዛው፤ ማጉረምረም ይፈቀዳል፣ እኔም አጉረመርማለሁ።

መጨረሻ ላይ ልጁ ቡድን ይመርጣል፣ የናንተን ላይሆን ይችላል። ታናሹ ጉድ ሠርቶኛል፦ የአርሰናል የጎረቤት ባላንጣ የቶተንሃም ደጋፊ ነው። የአርሰናል ደጋፊ አክስት ፊት! ለማስቀየር መለማመጥ ግን ዋጋ የለውም፤ ባስጨነቃችሁት ቁጥር ይብሳል። ይልቅ ተጠቀሙበት። ባላንጣ ያለበት ቤት ጨዋታ አያመልጠውም። እኛ ሁለቱ ቡድኖች ለሚገናኙበት ደርቢ ሕግ አውጥተናል፦ የተሸነፈ ወገን የዛን ቀን ዕቃ ያጥባል። አቻ ከወጡ እህቴ ናት የምታጥበው። እሷ ኳስ አትወድም፤ ደርቢ ሲሆን ግን ከ80ኛው ደቂቃ በኋላ ከወጥ ቤት ወጥታ “አንዳችሁ አግቡ እንጂ!” እያለች ትጮሃለች።